የተጠራ ቁጥር የሚመልሰው ስክሪን

ከአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የመጣልን ቅሬታ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ስክሪኑ ያለፈ ቁጥር መልሶ ያሳያል።»

የምሠራበት ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ለሆስፒታሎችና ለባንኮች የተራ መጥሪያ ይሠራል። ታካሚው ከበሩ አጠገብ ቁጥር ይወስድና ወንበር ይዞ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ስክሪን ይጠብቃል። ቁጥሩ ከካርድ ክፍል፣ ከክፍያ፣ ከላብራቶሪ ወይም ከመድኃኒት መስኮት ስም አጠገብ ሲወጣ ይነሳል። ቀላል ሥራ ይመስላል። ቀላል አለመሆኑን ያስረዳችኝ የተመላላሽ ክፍሉን የምታስተባብረው ሲስተር ናት።

«ድምፁ አይሳሳትም» አለችኝ። «አርባ አንድ ብሎ ይጠራል፤ ስክሪኑም አርባ አንድ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ግን ወደ አርባ ይመለሳል። ትናንት አንዲት እናት ቁጥራቸውን አይተው ተነሱ። መንገድ ላይ ቀና ሲሉ ቁጥሩ የለም፤ የተሳሳቱ መስሏቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ጆሯቸው በደንብ አይሰማም፣ የሚያምኑት ስክሪኑን ነው። ከዚያ አርባ ሁለት ተጠራና ገባ።» እናትየው ሌሊት ተነስተው ከክፍለ ሀገር የመጡ ነበሩ። ሲስተሯ እጃቸውን ይዛ ባታስገባቸው ኖሮ የዚያን ቀን ሐኪም ሳያዩ ይመለሱ ነበር።

ዳታቤዙን አየሁ። 40፣ 41፣ 42 በየተራቸው ተመዝግበዋል። ለድምፁ የተላከው ትእዛዝም ትክክል ነው። ስህተቱ ያለው ሰው የሚያየው ፒክስል ላይ ብቻ ነበር።

ከዚህ በፊት ባለው ሥሪት እንዲህ ያለ ቅሬታ ሰምተን አናውቅም። የተለወጠው አንድ ትልቅ ነገር ነው፤ ፕሮግራሙ ስዕሉን ስክሪኑን ለሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ለዲስፕሌይ ሰርቨሩ፣ የሚያስረክብበት መንገድ። ፕሮግራማችን ሊኑክስ ላይ በዌይላንድ ይሠራል፤ ዌይላንድ ፕሮግራሞችና ሰርቨሩ የሚነጋገሩበት ደንብ ነው። በዌይላንድ አሠራር እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ስዕል በራሱ በፈር፣ ማለትም ስዕሉ በሚቀመጥበት የሜሞሪ ቦታ፣ ላይ ይስልና ለሰርቨሩ ይሰጣል፤ ስዕሎቹን አገናኝቶ ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው ሰርቨሩ ነው። የድሮው ሥሪታችን በፈሩን በጋራ ሜሞሪ ነበር የሚሰጠው። ፕሮግራሙ በሲፒዩ (በዋናው ፕሮሰሰር) ይስላል፣ ሰርቨሩ ደግሞ ከዚያ ላይ ወደ ራሱ የጂፒዩ (የግራፊክስ ፕሮሰሰር) ሜሞሪ ኮፒ ያደርጋል። ቁጥር ብቻ ለሚያሳይ ስክሪን ይህ ከበቂ በላይ ነበር።

ችግሩ የመጣው ሆስፒታሉ ከቁጥሩ ጎን የጤና ትምህርት ቪዲዮ እንዲታይ ሲጠይቅ ነው። 1920 በ1080 ስክሪን፣ ለአንድ ፒክስል 4 ባይት ሲሰላ፣ አንድ ፍሬም (አንድ ሙሉ ስዕል) 8,294,400 ባይት ይሆናል። በሴኮንድ 25 ፍሬም ከሆነ 207 ሜጋባይት ገደማ በየሴኮንዱ ኮፒ ይደረጋል ማለት ነው፤ ቪዲዮውን ከመፍታቱ ሥራ ሌላ። ማቀዝቀዣ ፋን የሌላት ትንሿ ሳጥናችን ይህን ቀኑን ሙሉ አልቻለችም። ሞቀች፣ ቪዲዮውም መንተባተብ ጀመረ። ስለዚህ ቡድኑ ሁለቱንም፣ ቁጥሩንም ቪዲዮውንም፣ በጂፒዩ ሜሞሪ ላይ ወደሚቆም በፈር አዛወረ። የሊኑክስ ከርነል ከ3.3 ሥሪት ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ፣ ለዚህ የሚሆን ዲኤምኤ-በፍ የሚባል አሠራር አለው። ፕሮግራሙ የበፈሩን ፋይል ዲስክሪፕተር (በፈሩን የሚያስከፍት መያዣ) ፕሮግራሞች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት በዩኒክስ ሶኬት በኩል ለሰርቨሩ ይልካል፤ ከስፋቱ፣ ከቁመቱ፣ ከፒክስሉ ፎርማትና ከእያንዳንዱ መስመር የባይት ርዝመት ጋር። አንድም ፒክስል ከቦታው አይንቀሳቀስም። ሁለቱ ወገኖች ያንኑ አንድ ሜሞሪ ያያሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሆስፒታል ውስጥ ስለምንሠራ ይመለከተናል። ከዌይላንድ በፊት በነበረው በኤክስ ሰርቨር ላይ ዲአርአይ 2 የሚባለው አሠራር በፈርን የሚያጋራው በቁጥር ነበር። ያ ቁጥር ለመላው ግራፊክስ ካርድ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ካርዱን እንዲጠቀም የተፈቀደለት ሌላ ፕሮግራም ቁጥሩን ገምቶ የሌላውን ስዕል ሊከፍት ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዲአርአይ 3 ይህን ትቶ ወደ ፋይል ዲስክሪፕተር የገባ ሲሆን፣ በዌይላንድም የምንጠቀመው ይኸው መንገድ ነው። በፈሩን የሚያየው በእጁ የተሰጠው ብቻ ነው። ለሆስፒታል ስክሪን ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለውጡን የደገፍኩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር።

ወደ ስህተቱ ልመለስ። ቢሮ ውስጥ ሲሞከር ምንም አይታይም ነበር። ሁሉም ቁጥር በቦታው ይወጣል፣ ያለፈም አይመለስም። አንድ ባልደረባችን ወዲያው የጠረጠረው የጊዜ ቅንጅቱን ነው፤ ጂፒዩው ስሎ ሳይጨርስ ሰርቨሩ በፈሩን ያነባል የሚል። ጥርጣሬው ከመሬት የተነሣ አልነበረም። በራሱ ላፕቶፕ ላይ ያረጀ ፍሬም ብልጭ እያለ ሲያስቸግረው ከርሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ለዌይላንድ ስዕሉ ማለቁን ለሰርቨሩ በግልጽ የሚያሳውቅ የማቀናጃ ፕሮቶኮል ከጸደቀና ድራይቨሩ ከተሻሻለ በኋላ ነው የተገላገለው። የሆስፒታሉ ሁኔታ ግን ከዚህ ጋር አልገጠመም። የእሱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። የእኛ ንጹሕ፣ ሙሉ፣ ጠርዙ እንኳ ያልተነካ «40» ሆኖ ሌላ ቁጥር እስኪጠራ ድረስ ይቆያል። ለተከታታይ ሴኮንዶች ረግቶ የሚቆም ስዕል በማይክሮሴኮንድ መዘግየት አይገለጽም።

ቀጥሎ የፕሮቶኮሉን መልእክቶች የሚያትመውን የዌይላንድ ዲበግ መቼት ከፍተን ሎጉን መስመር በመስመር አነበብን። በፈር ተያያዘ፣ የተቀየረው ቦታ ተነገረ፣ ኮሚት ተደረገ (ይታይ ተባለ)፣ ያለፈው በፈር ተለቀቀ። ፕሮግራሙ ሰርቨሩ ያልለቀቀውን በፈር አንድም ጊዜ አልነካም። ሎጉ ንጹሕ ነበር። ሎጉ በፈሩ በማን እጅ እንዳለ ይነግራል፤ በውስጡ ምን እንደተሳለ ግን አይነግርም፤ እኛ ደግሞ የጎደለን ያ ነበር።

የቡድን መሪያችን ይህን ስትሰማ ሁለት ነገር አዘዘች። «በፈር አዲስ ሆኖ በተሠራ ቁጥር ጥግ ላይ የተለያየ ቀለም ቀባበት፤ ከዚያ በኋላ ያንን ጥግ እንዳትነካ። ቪዲዮውንም አጥፍተህ እየው።» ሁለተኛው የመጣላት ሲስተሯ በስልክ ካነሳችው ወሬ ነው። የቪዲዮው ድምፅ ሕመምተኞችን ስለሚረብሽ ከሰዓት በኋላ ያጠፉት ነበር፤ ቅሬታዎቹም የከሰዓት በኋላ ነበሩ። ቢሮ ውስጥ ግን ሙከራው ሁልጊዜ የሚካሄደው አዲሱን ሥራ ለማየት ስለሆነ ቪዲዮው አይጠፋም።

ቀለሙን ቀባን። ቪዲዮው ሲሄድ ጥጉ ቀይ ሆኖ ቀረ፤ ቁጥር ስንጠራ ቁጥሩ ይቀየራል፣ ጥጉ ግን ቀይ ነው። ቪዲዮውን አጠፋንና ጠራን። ጥጉ ሰማያዊ ሆነ። ደግመን ስንጠራ ቀይ፣ ደግሞ ሰማያዊ። ከጥጉ ጋር የሌሎቹ መስኮቶች ቁጥርም ወደ ኋላ ተመለሰ። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ነገሩ የገባን በዚያች ቅጽበት ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። በፈሮቹ ሁለት ናቸው፣ አንዱ ስክሪን ላይ ሳለ ሌላው ይሳልበታል፤ ሀ እና ለ እንበላቸው። ሁለቱም ላይ ካርድ ክፍል 40፣ መድኃኒት 17 ተስሏል እንበል። ካርድ ክፍል 41ን ይጠራል። ፕሮግራሙ በፈር «ለ»ን ወስዶ የካርድ ክፍሉን ሣጥን ብቻ ይስልና ይልካል፤ ስክሪኑ 41 እና 17 ያሳያል። ቀጥሎ መድኃኒት 18ን ይጠራል። አሁን ተራው የሀ ነው። ፕሮግራሙ ሀ ላይ የመድኃኒቱን ሣጥን ብቻ ይስላል። ሀ ግን 41 መጠራቱን አልሰማም፤ ካርድ ክፍል እሱ ላይ ገና 40 ነው። ሀ ስክሪን ላይ ሲወጣ የእኚያ እናት ቁጥር የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥሎ 42 ሲጠራ ለ ይወጣል፤ የመድኃኒቱም 18 ወደ 17 ይመለሳል።

የተቀየረውን ብቻ የመሳሉ ልማድ ከድሮው ሥሪት ጋር የመጣ ነው። ታዲያ ያኔ ለምን አልታየም? በጋራ ሜሞሪ ጊዜ ሰርቨሩ ከበፈሩ ላይ ኮፒ የሚያደርገው «ይህ ቦታ ተቀይሯል» የተባለውን ብቻ ነበር፤ የቀረው በራሱ ቅጂ ላይ ቀድሞውኑ ትክክል ሆኖ ተቀምጧል። ያረጀው ቁጥር በፈሩ ውስጥ ያኔም ነበረ፤ የሚያየው ግን አልነበረም። በአዲሱ መንገድም ቪዲዮው እየሄደ ሳለ ሰርቨሩ ሁለቱን ስዕሎች በራሱ ያገናኛል፤ ሲያገናኝም የተቀየረውን ቦታ ብቻ ነው የሚያድሰው፤ ስለዚህ አሁንም ያረጀው ተሸፍኖ ይቀራል። ቪዲዮው ሲጠፋ ግን ስክሪኑን የሞላ አንድ በፈር ብቻ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ሰርቨሩ ማገናኘቱን ትቶ በፈሩን እንዳለ ለስክሪን መቆጣጠሪያው ያስረክበዋል። ያ በፈር ራሱ ስክሪን ሆነ፤ ትኩሱም ያረጀውም አብሮ ወጣ።

ሰርቨሩ ምንም ጥፋት የለበትም። በዌይላንድ ደንብ የሚላከው በፈር ሁልጊዜ ሙሉ ስዕል መሆን አለበት። «የተቀየረው ቦታ» የሚለው መልእክት ሰርቨሩ ሥራ እንዲቀንስበት የሚሰጥ ፍንጭ ነው፤ ከፈለገ ይጠቀምበታል፣ ካልፈለገ ሙሉውን ያነባል። ቅጂ በነበረበት ዘመን ሰርቨሩ የእኛን ጉድለት ሳያውቀው ይሞላልን ነበር። ቅጂው ሲቀር የሚሞላ የለም። ብዙ ፕሮግራመሮች ወደ ዲኤምኤ-በፍ መዛወርን የፍጥነት ጉዳይ አድርገው ሲያዩት እሰማለሁ፤ እኔ ግን ከዚህ በኋላ በመጀመሪያ የኃላፊነት ዝውውር አድርጌ ነው የማየው። ሜሞሪው የጋራ ሲሆን፣ ቅጂ ሲሠራልን የነበረውን ሁሉ ከሁለት አንዳችን በግልጽ መሥራት አለብን።

መፍትሔው ላይ ክርክር ነበረ። ፕሮግራሙ በጂፒዩ ለመሳል የሚጠቀምበት የኢጂኤል ላይብረሪ የበፈርን ዕድሜ የሚነግር መጠየቂያ አለው፦ 2 ካለ በውስጡ ያለው ስዕል ከሁለት ፍሬም በፊት የነበረው ነው፤ 0 ካለ በውስጡ ያለውን አትመን ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ መሠረት ያለፉትን ለውጦች ደምሮ የጎደለውን ብቻ መሳል ይቻላል። ወጣቱ ባልደረባችን በአንድ ምሽት ሠርቶ አመጣው፤ በትክክልም ይሠራ ነበር። መሪያችን ግን አልተቀበለችውም። ቁጥር በደቂቃ ጥቂት ጊዜ ነው የሚቀየረው፤ ለዚያ 8.3 ሜጋባይት ሙሉውን እንደገና መሳል ለጂፒዩ ምንም አይደለም። የለውጥ ታሪክ የሚይዝ ኮድ ግን ነገ ሌላ ሰው ሲነካው ሊሳሳት ይችላል፤ ሲሳሳትም አንድ ታካሚ ወንበሩ ላይ ይቀራል። እኔም ከእሷ ጋር ነበርኩ። ሙሉውን እንሳል ተባለ፣ ተሳለ፣ ቁጥሩ መመለሱን አቆመ።

ቢሮ ስለማይታይ ነገር መጠየቅ ከጀመርን ወዲያ ሌላም ወጣ። ለአንድ ባንክ ልንልከው ያዘጋጀነውን ሥሪት 1366 በ768 በሆነ ስክሪን ስንሞክረው ስዕሉ ወደ ጎን ተንጋደደ። የ1366 ፒክስል መስመር 5,464 ባይት ነው፤ ሃርድዌሩ ግን እያንዳንዱ መስመር በ64 ባይት የሚካፈል ርዝመት እንዲኖረው ስለሚፈልግ 5,504 ያደርገዋል። በመስመሩ መጨረሻ ላይ የ10 ፒክስል ባዶ ቦታ ይገባል። ያንን ሳይቆጥር ስፋቱን በ4 አባዝቶ የሚያነብ ኮድ በየመስመሩ 10 ፒክስል እየተንሸራተተ ይሄዳል። የ1920ው 7,680 ባይት ግን በ64 እኩል ስለሚካፈል፣ ቢሮ ባሉት ስክሪኖች ሁሉ ስህተቱ በጭራሽ አይታይም። ይህኛው ከቢሮ ሳይወጣ ተያዘ።

ባለቀለሙ ጥግ በሙከራው ሥሪት ውስጥ እንዲቀር ተወሰነ። አዲስ ሥሪት ከመውጣቱ በፊት ቪዲዮው እየሄደም ጠፍቶም፣ በሁለቱም የስክሪን መጠን፣ አራቱም መስኮቶች ተራ በተራ ይጠራሉ። ሆስፒታሉም ቪዲዮውን እንደ ልማዱ ከሰዓት በኋላ ያጠፋዋል።