ጌትን በአምስት ገጽ

መጀመሪያ የተሳሳትኩት ትርጉም በመደርደሬ ነው። የእንግሊዝኛው ግሥ ጌት (ጂ፣ ኢ፣ ቲ፤ የግቢውን በር አላልኩም)፦ አገኘ፣ ገዛ፣ ሆነ፣ ደረሰ፣ ገባው... ባለ 50 ሉኩ ደብተር ሁለት ገጹ ሞላ፤ ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ግን የትኛው እንደሚሠራ አይለይም። ትርጉሙን የሚወስነው ከቃሉ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ደብተሩን በዚያው መሠረት ለአምስት ከፈልኩት።

ቀጥሎ ስም ካለ ማግኘት፣ መግዛት ወይም ሄዶ ማምጣት ነው፤ አያስቸግርም። ቅጽል ካለ መሆን ነው። ደብረ ብርሃን ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ «ኢት ኢዝ ጌቲንግ ኮልድ»፣ እየበረደ ነው። «ኢት ኢዝ ኮልድ» ከተባለ ግን በርዷል፣ ጋቢም ተደርቧል።

ቦታ ካለ መድረስ ነው፦ «ጌት ቱ ደብረ ሲና»። «ሆም» ላይ ግን «ቱ» አይገባም፤ «ጌት ሆም» ብቻ። መሳፈር ላይ ደግሞ ቆመው የሚራመዱበት አውቶቡስ «ጌት ኦን» ሲል፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ባጃጅ «ጌት ኢን» ይላል። ሲወርዱም «ጌት ኦፍ» የአውቶቡሱ፣ «ጌት አውት ኦፍ» የባጃጁ ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው አራተኛው ገጽ ላይ ነው። «አይ ሪፔርድ ማይ ሹዝ» ያለ ሰው ወስፌና ክር ይዞ ጫማውን ራሱ ጠግኗል ማለት ነው። ሊስትሮ ጋ ወስዶት ከሆነ «አይ ጋት ማይ ሹዝ ሪፔርድ» ይበል፤ ጋት (ያለፈው ጌት)፣ ዕቃው፣ ከዚያ ግሡ። እኛ «አስጠገንኩ» ስንል «አስ»ን ግሡ ላይ እንለጥፋለን፤ እንግሊዝኛ ሥራውን ለጌት ሰጥቶታል። «ተ»ንም እንዲሁ፦ «ጌት ፔይድ» ሲሉ መከፈል ነው። በዚህ ዓይን ካዩት ጌት እንግዳ አይደለም።

አምስተኛውን ገጽ ባለቤት ለሚገለበጥባቸው ተውኩት። በአማርኛ ጉንፋኑ ሰውን ይይዛል፤ በእንግሊዝኛ ሰውየው ጉንፋኑን ያገኘዋል፦ «አይ ጋት ኤ ኮልድ»። «አልገባኝም» ስንልም የሚገባው ነገሩ ነው፤ እነሱ ዘንድ ግን «አይ ዶንት ጌት ኢት»፣ ያላገኘው ሰውየው ነው።

እዚያው ጥግ ላይ «ሃቭ ጋት» አለ። መልኩ ያለፈ፣ ትርጉሙ የአሁን ነው፦ «አይ ሃቭ ጋት ቱ ሺፕ» ማለት ሁለት በግ አለኝ እንጂ አገኘሁ አይደለም። ነበረኝ ለማለት ጌትን ጥሎ «ሃድ» ብቻ መናገር ነው፤ በጎቹ ከተሸጡ በኋላ «አይ ሃድ ቱ ሺፕ»።