ያለ መርዶ እንዳልቀር የለመንኩት

በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነው ወጣት ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር። እኔ ግን በ1980 ዓ.ም. ክረምት ናዝሬት ከተማ ውስጥ በአፈሳ ተይዤ ታጠቅ ጦር ሰፈር ስገባ፣ ስለ ሁለቱ ዓመት የሚያነሣ አልነበረም። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ናደው ዕዝ የተባለው የኤርትራ ግንባር ጦር አፍአበት ላይ ተደምስሶ ስለነበር መንግሥት የሚፈልገው ቁጥር ብቻ ነበር። በሰፈራችን በዚያ ጦርነት ልጃቸው የቀረባቸው እናት ነበሩ። ሞተ ብሎ ያረዳቸው፣ ተማረከም ብሎ ያጽናናቸው ስላልነበረ ማልቀስም መተውም አልቻሉም። እናቴ ስትሰናበተኝ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳለች፤ እኔም የእኒያን ጎረቤታችንን ፊት እያሰብኩ፣ «ጌታዬ፣ ብሞት እንኳ እናቴ መርዶዬን ትስማ፤ ያለ መርዶ አታስቀረኝ» ብዬ ጸለይኩ።

ደቀመሐሪ ግንባር ስደርስ ያየሁት ሠራዊት ጀግንነት አልጎደለውም። የጎደለው የሚያምነው መንግሥት ነበር። ከአፍአበት ውድቀት ጥቂት ቀደም ብሎ የናደው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ተረሽነዋል፤ ከግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላም ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ አስመራ ላይ ተገደሉ። አዛዦቹን የሚገድል መንግሥት ሻዕቢያን እንዴት ሊገታ ይችላል? በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ከወደቀች ወዲህ ስንቃችን በአውሮፕላን ብቻ የሚመጣ ሆነ።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር መውጣታቸውን በሬዲዮ ሰማን። በቀናት ውስጥ ግንባሩ ተሰበረና በከረን አድርገን ወደ ሱዳን ድንበር በእግር ነጎድን። ከአቆርዳት በኋላ ያለው ቆላ ያለ ውኃ አይታለፍም። አብረውኝ ከናዝሬት ከታፈሱት ሦስቱ በዚያ መንገድ ላይ በውኃ ጥም ወደቁ፤ የአንዱን ዓይን የከደንኩት በእጄ ነው። እኔም ምላሴ አብጦ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር በተጋደምኩበት ሰዓት ድምፅ ስላልነበረኝ ያንኑ ልመና በልቤ ደገምኩት። ፍየል የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት መጡ። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ መለዮዬን ግን ያውቁታል፤ አገራቸውን የወጋ ሠራዊት መለዮ ነው። በሻሽ ጫፍ አርጥበው ከንፈሬን አበሱልኝ፣ ቀጥሎም ከአቁማዳቸው ውኃ በመዳፋቸው ጥቂት በጥቂት አጠጡኝ። ባንድ ጊዜ ቢሰጡኝ ኖሮ ልሞት እችል እንደነበር ቆይቶ ነው የተረዳሁት። እስኪመሽ ከአጠገቤ አልተለዩም፤ ሲመሽ የሱዳኗ ከተማ ካሰላ ያለችበትን አቅጣጫ በበትራቸው አሳዩኝ። እግዚአብሔር የላካቸው መሆናቸውን አልጠራጠርም።

ከሱዳን ተመልሼ ቤቴ በገባሁ በሳምንቱ ሽማግሌዎች ይዤ በማለዳ ሦስት ደጆች አንኳኳሁ። የት እንደወደቁ፣ ማን እንደነበረ አጠገባቸው፣ ምን ብለው እንዳንቀላፉ ለየእናቶቻቸው ነገርኩ። በሦስቱም ቤት ድንኳን ተተከለ፣ ተለቀሰ፣ ተዝካር ወጣ። ለራሴ የለመንኩትን እግዚአብሔር ለእነርሱ እናቶች በእኔ አፍ ሰጠ።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1984 ዓ.ም. እናቴ የተሳለችውን ጃንጥላ ይዛ ቁልቢ ስንወጣ፣ ዓይኑን የከደንኩለት ጓደኛዬ እናት በልጃቸው ስም ጧፍ ይዘው አብረውን ነበሩ።