አዞ ሐረግ ፍለጋ አንኮበር

ላምበረት መናኸሪያ ረዳቱ ፕሬሴን አይቶ «ይሄ የማነው አልጋ?» አለ። ሁለት የእንጨት ርብራብ ነው፤ መሃሉ ካርቶንና ጋዜጣ፣ ዙሪያው በቀበቶ የታሰረ። ቅጠል ማድረቂያ ነው ብለው ማን ሰምቶኝ! እንደ ጭነት ቆጥሮ መቶ ብር ተቀበለኝ። ብስጭቴ ሳይበርድ ደብረ ብርሃን ደረስን፤ መንገዱን አላየሁትም።

ሥራዬ የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎችን ሌብል ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው። ሰብሳቢው ማን ነው፣ ቁጥሩ ስንት፣ የት፣ መቼ፣ በስንት ሜትር ከፍታ፣ አገሬው ምን ይለዋል። ሌሎች የቆረጡትን ዓመታት ስመዘግብ ኖሬ አንድም ቀን ራሴ ቆርጬ አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን አዞ ሐረግ የሚባለውን ተክል ልቆርጥ ወደ አንኮበር መሄዴ ነው። ያደግሁት ጅማ ነው። እኛ ጋ ሐረግ ማለት ጭን የሚያህል፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ ጫፉ የማይታይ ነው። አበባው ሰማይ ላይ ስለሚቀር የዝናብ ደን ሐረግ ናሙና ብዙ ጊዜ ቅጠል ብቻ ይሆናል፤ ቅጠል ብቻውን ደግሞ ዝርያውን ለመለየት ያስቸግራል።

ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ! ሆቴሉ 400 ብር ተቀበለኝ፤ ብርድ ልብሱ አንድ፣ እሱም ስስ። ጃኬቴን ከነኮፍያው ለብሼ ተኛሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አልቻልኩም፤ ጋዜጦቹን ከፕሬሱ አውጥቼ ከብርድ ልብሱ ሥር ደረብኳቸው። ሞቀኝ። ጠዋት ግማሾቹ ተቀደዋል።

ከአንኮበሯ ጎረቤላ ከተማ በእግር ወደ ወፍ ዋሻ ደን ጥግ ሄድኩ፤ ጉሙ አሥር እርምጃ አያሳይም። አዞ ሐረጉን ያገኘሁት አንድ ኮሶ ላይ ተጠምጥሞ ነው። አበባው አልፎ ፍሬው የተባዘተ ጥጥ መስሏል። ውፍረቱ ከጣቴ አይበልጥም፤ የጅማ ልጅ ይሄን ሐረግ ብሎ አይጠራውም። ቅጠሉን አሽቼ ባሸትተው ግን ከሽንኩርት የባሰ አስለቀሰኝ። ሳይንሱ ክሌማቲስ ሲሜንሲስ ይለዋል፤ ስሙን ያገኘው ከስሜን ተራሮች ነው።

ስቆርጥ ትዝ ያለኝ አንቷን ፔቲ ነው። ይህ ፈረንሳዊ ሐኪም ሸዋ ድረስ መጥቶ ዕፅዋት ሲሰበስብ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። አዞ ሐረግን ለምን አዞ እንዳሉት የጠየቅኳቸው ሁሉ አያውቁም።

ጋዜጣዬ በጉሙ ርሶ የቀረው አልበቃኝ አለ። እርጥብ ወረቀት ካልተቀየረ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ይሻግታል። አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ስንደፋደፍ አንዲት እናት «ምነው ልጄ፣ ቅጠል ታስተኛለህ እንዴ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ግን አስገቡኝ፣ ፕሬሱንም ምድጃው አጠገብ አቆሙልኝ። ቡናው በጨው ነበር። እኛ ቤት ይሄን ያደረገ ሰው ሽማግሌ ይላክበት ነበር፤ እኔ ግን ሦስት ስኒ ጠጣሁ።

«እማማ፣ ጋዜጣ ይኖራል?»

«ጋዜጣ ከየት ይመጣል? የልጁ ያምና ደብተር አለ።»

የልጅ ልጃቸውን የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተር አምጥተው እየገነጠሉ ሰጡኝ። ልከፍል ብል ተቆጡኝ። ቅጠሉን እንዳሸሁት ስነግራቸው ደግሞ «እጅህን ታጠብ፣ ይልጣል!» ብለው ውሃ ቀዱልኝ።

ማታ በስልኬ መብራት ሌብሉን ሞላሁ። የሰብሳቢ ቁጥር በሚለው ቦታ ላይ 1 ብዬ ጻፍኩ። ጣቴ እስከዚያ ድረስ ይለበልበኝ ነበር።

አዲስ አበባ አለቃዬ ፕሬሱን ፈታና መጀመሪያ ያየው ደብተሩን ነው። «ይሄ ክፍልፋይ ስህተት ነው» አለ። ከዚያ መነጽሩን አስተካክሎ ናሙናውን አገላበጠ።

«አበባውስ?»

«አልፏል።»

«እንግዲያው ጥቅምት ላይ ትመለሳለህ።»

ብርድ ልብስ ከቤቴ እይዛለሁ። ጋዜጣም በደንብ፤ ለእማማ ደግሞ አንድ ኪሎ የጅማ ቡና፣ ከፈለጉ በጨው ያፍሉት።