ጋቢው ከመደረቡ በፊት

ሱስን ሲያጠና የኖረ መምህር ጡረታ ሲወጣ ጋቢ ይደረብለታል፣ ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፣ ፎቶ ይነሳል። ደግ ነገር ነው። ግን እዚሁ ሐዋሳ አንድ ተመራቂ ለጥናቱ «ጫት ይቅማሉ? ሀ. አዎ ለ. አልቅምም» ብሎ መጠይቅ ካባዛ፣ የመምህሩ ልፋት ከጋቢው ጋር ቁም ሳጥን ገባ ማለት ነው።

ልፋቱ ምን እንደነበር ለማየት ስለ ጫት መቃም የተሠራው የቡታጅራው ጥናት ይበቃል። አታላይ ዓለም፣ ደረጀ ከበደና ጉናር ኩልግሬን እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ነው። ከ10,468 አዋቂዎች 55.7 በመቶው በሕይወታቸው ቅመው ያውቃሉ፤ 50 በመቶው በጥናቱ ወቅት ይቅሙ ነበር፤ ከእነዚህ ከሚቅሙት ውስጥ በየቀኑ የሚቅሙት 17.4 በመቶ ናቸው። ሦስቱ ቁጥሮች ስለ ሦስት ዓይነት ሰው ይናገራሉ። የመጨረሻውን ቁጥር የሕዝቡ ድርሻ አድርጎ መጥቀስ ስህተት ነው፤ የግማሹ 17.4 በመቶ ስለሆነ ከመቶ አዋቂ ዘጠኝ ያህሉ ብቻ ነው። ከላይ ያለው የ«አዎ/አልቅምም» መጠይቅ ለበዓል አንዴ የቀመሰውንና ጠዋት ኢጃበና (የጠዋት ጫት) ሳይዝ ከቤት የማይወጣውን አንድ ሳጥን ውስጥ ይከታል።

«በቀን ስንት ጊዜ?» ሲባል ብዙ ሰው የሚቆጥረው የከሰዓቱን በርጫ፣ ቁጭ ብሎ የሚቅመውን፣ ነው። ኢጃበናውን ለብቻ ካልጠየቁት አይነግርዎትም፤ ለእሱ ያ መድኃኒት እንጂ መቃም አይደለም። መጠኑን በጫት እስር ወይም በብር መጠየቅም አያዛልቅም፤ እስሩ ከሻጭ ሻጭ ይለያያል፣ ዋጋው በዝናብና በድርቅ ይወጣል ይወርዳል። ለትንሽ ናሙና የሚሻለው የወጥ ቤት ሚዛን ነው፦ ከመቃሙ በፊት እስሩን፣ ከበርጫው በኋላ የተረፈውን ገራባ መመዘንና መቀነስ። ጫቱ የተቆረጠበትን ሰዓትም መመዝገብ ያስፈልጋል። ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ የለየው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ይፈርስና ደከም ወዳለው ካቲን ይለወጣል። በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚጓዘው ለዚህ ነው። ከወንዶ ገነት ዛሬ ጠዋት የመጣና ትናንት የተረፈ እኩል ቢመዝኑም እኩል አይሆኑም።

አሲስት (ASSIST) የተባለው የዓለም ጤና ድርጅት የሱስ መጠይቅ ስምንት ጥያቄዎች አሉት። ሦስተኛው ባለፉት 3 ወራት የመጠቀም ጠንካራ ፍላጎት ምን ያህል ጊዜ እንደተሰማ ይጠይቃል። በመጽሐፍ አማርኛ «ብርቱ መሻት» ቢሉት ተጠያቂው ግራ ይጋባል፤ «ሀራራ» ሲሉት ወዲያው ይገባዋል። ለሲዳምኛ ተናጋሪ ግን የአማርኛውን ቃል ተሸክሞ መሄድ አይሠራም፤ ተተርጉሞ፣ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ መልሶት፣ በጥቂት ሰዎች ላይ ተሞክሮ መታየት አለበት።

ያ «ባለፉት 3 ወራት» የሚለው ሐረግ እዚህ አገር ወጥመድ አለው። የፋሲካ ሰሞን ከጠየቁ 55ቱ የሁዳዴ ቀናት ወራቱ ውስጥ ይወድቃሉ፤ በጾሙ መጠጥ የሚተው ሰው ከልማዱ በታች ሆኖ ይመዘገባል። ረመዳንም የጫትን ልማድ ሊለውጥ ይችላል። ቀኑን መጠይቁ ላይ ጽፎ፣ ጾም ውስጥ መዋሉን ምልክት ማድረግ ነው።

ኦዲት (AUDIT) በተባለው የመጠጥ መጠይቅ ላይ ደግሞ ጠርሙስ ያሳስታል። አንድ መደበኛ መጠጥ 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። 330 ሚሊ ሊትር ቢራ በ5 በመቶ ሲሰላ 13 ግራም ይሆናል። በአንድ ጊዜ «ስድስትና ከዚያ በላይ» መጠጥ የሚለውን ሦስተኛ ጥያቄ መረጃ ሰብሳቢው በጠርሙስ ከቆጠረ፣ አምስት ጠርሙስ የሚጠጣው ሰው ያመልጠዋል፤ የጠጣው ግን 65 ግራም፣ ማለትም ስድስት ተኩል መደበኛ መጠጥ ነው። ጠላና ጠጅ ከቤት ቤት ስለሚለያዩ በጣሳም በብርሌም መገመት ከንቱ ነው፤ ቢያንስ መያዣውን በሚሊ ሊትር መለካት ይቻላል።

ሰዓቱም እንዳይረሳ። የምርቃና ሰዓት፣ ጫቱ ባነቃቃው ጊዜ፣ የተጠየቀ ሰው ነገ ጫት ሊተው፣ ከነገ ወዲያ ቤት ሊሠራ ነው። ጫት ቀርቶበት ዱካክ የያዘው ደግሞ ሁሉን ያጨልመዋል። ሁሉንም ረፋድ ላይ፣ ከ6 ሰዓት በፊት መጠየቅ ይሻላል።

ስለ ስም አንድ ነገር። የቡታጅራውን ጥናት መረጃ ቋት ውስጥ «አታላይ» ብሎ የሚፈልግ ላያገኘው ይችላል፤ በፈረንጅ ሥርዓት የተመዘገበው «ዓለም» ተብሎ ነው፣ በአባቱ ስም። ስለዚህ፣ በጽሑፍ ሲያነሱት ሙሉ ስሙን መጻፍ ነው። በተቃራኒው፣ ያልሠራን አማካሪ «ለክብር» ብሎ ደራሲ ማድረግ ክብር አይደለም፤ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ለደራሲነት አራቱንም መስፈርት ይጠይቃል፦ በሥራው ጉልህ ድርሻ፣ በመጻፍ ወይም በማረም መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። ይህን የማያሟላ የምስጋናው ገጽ ላይ ይግባ። ለሀራራ ትክክለኛውን የሲዳምኛ ቃል ያመጣችው መረጃ ሰብሳቢም እዚያው ገጽ ላይ፣ ፈቃዷ ተጠይቆ፣ በሙሉ ስሟ።