አንድ ፌስታል ቫይታሚን

ከተጋባን ስድስት ዓመት ሞላን። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄደን ለአይቪኤፍ (ፅንሱ ከማህፀን ውጭ በላቦራቶሪ ለሚጀመርበት ሕክምና) ተመዘገብንና የአራት ወር ቀጠሮ ተሰጠን። ደብረ ማርቆስ ተመልሼ ዝም ብሎ መጠበቁ ከበደኝ። እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ ቫይታሚን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ የነፍሰ ጡር መልቲቫይታሚን ላከችልኝ። ሌላ መልቲቫይታሚን ከፋርማሲ ገዛሁ። የዓሣ ጉበት ዘይት ጨመርኩበት። ጎረቤቴ ደግሞ ለፀጉርና ለጥፍር የምትወስደውን አካፈለችኝ። አማቴም "ደምሽን ይተካል" እያለች የፍስክ ቀን በመጣ ቁጥር ጉበት ትጠብስልኛለች። ሁሉም ለእኔ ተጨንቀው ነው።

አንድ ቀን ፌስታሉን እንዳለ ይዤ እዚሁ ከተማ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዶክተሯ ብልቃጦቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና ከየጀርባቸው ቫይታሚን ኤ የሚለውን እየፈለገች ወረቀት ላይ ጻፈች፦ 1,200፣ 900፣ 1,350። ደመረችው። 3,450 ማይክሮግራም። ለአንድ ቀን የተቀመጠው ጣሪያ 3,000 ነው፤ ጉበቱ ገና አልተደመረም። ሬቲኖል የሚባለው የቫይታሚን ኤ ዓይነት ሲበዛ ፅንስ ላይ የአካል ጉድለት ሊያመጣ ይችላል፤ ከካሮትና ከዱባ የምናገኘው ግን እንዲህ አያሰጋም። ለልጄ ብዬ የዋጥኩት ልጄን ሊጎዳ ይችል እንደነበር ስሰማ እንባዬ መጣ።

የፀጉሩ ኪኒን ውስጥ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን በብዛት ነበረበት። ባዮቲን የታይሮይድና የሌሎች ሆርሞኖችን የደም ምርመራ ውጤት ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ ለጥቂት ቀናት አቋርጬ ታይሮይዴን እንደገና ተመረመርኩ።

የቀረልኝ ትንሽ ነው። ዋናው ፎሊክ አሲድ ነው፤ በቀን 400 ማይክሮግራም። የሕፃኑ የአንጎልና የአከርካሪ መሠረት የሚዘጋው ከተፀነሰ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት፣ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ነው። በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳው ፎሊክ አሲድ ከማርገዝ ሦስት ወር በፊት የሚጀመረው ለዚህ ነው። ፋርማሲው መጀመሪያ ያወጣልኝ ባለ 5 ሚሊግራሙን ነበር፤ ያ ግን ከዚህ በፊት አንጎሉ ወይም አከርካሪው በደንብ ያልተዘጋ ልጅ ለወለደች ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ፣ ሐኪም ሲያዝ ነው። ጾመኛ ስለሆንኩ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚገኘው ቫይታሚን ቢ12 ተለክቶልኝ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ፤ እሱም ተጨመረ። በጾም ቀን ጠዋት ስለመዋጥ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው፤ "መድኃኒት ነው፣ ውሰጂ" አሉኝ።

ባለቤቴም የሚዋጥ ይታዘዝልኝ ብሎ ነበር። ለወንድ ተብለው የሚሸጡት ውድ እንክብሎች የመውለድ ዕድል ስለመጨመራቸው አስተማማኝ ማስረጃ እንደሌለ ተነገረው። የወንድ ዘር ተሠርቶ ለመድረስ ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጃልና ሲጋራና አረቄውን ዛሬውኑ እንዲተው ተመከረ፤ ተወ። ከእኔ ኪኒን ሁሉ እሱ የተወው ይበልጥብኛል።

ያስቸገረኝ አይረኑ (ለደም የሚወሰደው የብረት ኪኒን) ነው። ሁለት ወር ወስጄም ደሜ ከፍ አላለም። ለካ ጠዋት ጠዋት ከቡና ጋር ነበር የምውጠው፤ ቡናና ሻይ ደግሞ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። አሁን በብርቱካን ጭማቂ እውጠዋለሁ። አማቴም ቡናው ሲፈላ "ልጄ፣ መቼ ዋጥሽ?" ትለኛለች። ሁለት ሰዓት ካልሞላው የእኔን ሲኒ ሳትቀዳ ታልፈዋለች።