ቨርጂኒያ ውስጥ ለስኩል ቦርድ ስወዳደር

ሰሞኑን አንዳንድ ወላጆች እየደወሉ “ለስኩል ቦርድ መወዳደር አስቤያለሁ፤ ከየት ልጀምር?” ይሉኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግም ልጻፈው ብዬ ነው። ስኩል ቦርድ ማለት የአካባቢውን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚመራው ቦርድ ነው። የማወራው ስለ ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ሜሪላንድና ዲሲ ሕጋቸው ሌላ ነው። እኔ በፈረንጆቹ 2015 ተወዳድሬ ተሸነፍኩ፣ በ2019 አሸነፍኩ፣ በ2023 ደግሞ በቃኝ ብዬ ለቀቅኩ።

ከሁሉም በፊት የምላችሁ፣ “በርቺ” የሚላችሁ ሰው ሁሉ ሊመርጣችሁ አይችልም። እኛ አበሾች ጋ ደግሞ ይሄ ይብሳል። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የምናገኘው ሰው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ከዉድብሪጅ ተሰባስቦ የመጣ ነው። አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ “አኮራሽን” ያለኝ ብዙው ሜሪላንድ ነዋሪ ነበር። ከቀረው ውስጥ ገና ግሪን ካርድ ላይ ያለ አለ፤ ዜግነት ወስዶ ለምርጫ ያልተመዘገበ አለ፤ ተመዝግቦም እኔ ከምወዳደርበት ዲስትሪክት፣ ማለትም የምርጫ ክልል፣ አንድ መንገድ ተሻግሮ የሚኖር አለ።

ስማችሁ ድምፅ መስጫው ላይ እንዲወጣ ቢያንስ 125 የተመዘገቡ መራጮች ሊፈርሙላችሁ ይገባል። ሁሉም የዲስትሪክታችሁ ነዋሪ መሆን አለባቸው። ትንሽ ትመስላለች። ግን ቤት ቀይሮ አድራሻውን ያላስተካከለ ሰው ፊርማው ሊወድቅ ይችላል። ፊርማ የሰበሰበው ሰውም ኖተሪ (ሰነድ አረጋጋጭ) ፊት ቀርቦ ይምላል። ምርጫ ሲመጣ የማይጠፋ አንድ ታክሲ ነጂ ወዳጃችን ገና ስጀምር “እህቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ጸሎትሽን አድርሺ፤ ፊርማውን ላይብረሪ በር ላይ ልቀሚ” አለኝ። እውነቱን ነበር። ላይብረሪ የሚመጣው የሰፈር ሰው ነው። ከሚፈለገው በላይ ሰብስበን አስገባን፤ እናንተም በ125 እንዳትቆሙ።

ቤት ለቤት መሄድ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፈረንጅ ቤት በር ታንኳኳለህ፣ ታወራለህ፣ ወረቀት ትሰጣለህ፣ አለቀ። አበሻ ቤት እንዲህ የለም። አንድ ቅዳሜ አንዲት እናት በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩኝና “የማን ልጅ ነሽ?” አሉኝ። ነገርኳቸው። “በይ ግቢ፣ ቡና ሊፈላ ነው።” አቦል ጠጥቼ ልነሳ ስል “ቶናውን ሳትጠጪ? በረካውንስ?” ተባልኩ። ውጭ መኪና ውስጥ ስትጠብቀኝ የነበረችው የካምፔይን ማናጀሬ ፊቷ ሌላ ሆኗል። በዚያ ሰዓት አንድ መንገድ ሙሉ እንጨርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ አበሻ ቤቶችን ከቅዳሜው ዝርዝር አወጣናቸውና ማታ ማታ በስልክ ያዝኳቸው። እኚያ እናት ግን ቡናውን አስከፈሉኝ ብዬ አላማርርም። ልጆቻቸውን ሁሉ ይዘው መጥተው መረጡኝ።

ሌላው ፍርሃት ነው። “ኮረንቲና ፖለቲካ በሩቁ” ብሎ ያደገ ትውልድ ነን። ገንዘብ ማሰባሰቢያ እራት ስናዘጋጅ አንድ አባት ልክ እንደ ልቅሶ ቤት ፖስታ በእጄ ሸጎጥ አደረጉልኝና “ስሜን እንዳትጽፊ” አሉኝ። እዚህ ግን ስም የሌለው ገንዘብ መቀበል አይቻልም። ቨርጂኒያ የመዋጮ ጣሪያ የላትም፤ ነገር ግን ከ100 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙ፣ አድራሻውና ሥራው ሪፖርት ላይ ይወጣል። ሪፖርቱን ደግሞ ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ያነበዋል። ፖስታውን መለስኩላቸው። ቅር አላቸው፤ በኋላ በቼክ አመጡት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መምረጥ ባይችልም ማዋጣት እንደሚችል ብዙዎቻችን አናውቅም። ጥሩ ሒሳብ ያዥ ከጥሩ ፖስተር በፊት ፈልጉ።

“የማን ወገን ነሽ?” የሚል ጥያቄም ይመጣል። ስለ ዴሞክራትና ሪፐብሊካን አይደለም የሚጠይቁት፤ ገብቷችኋል። እኔ መልሼ “ልጅሽ የት ነው የሚማረው? አውቶብሱስ በሰዓቱ ይመጣል?” እል ነበር። አውቶብስ ከተነሳ ወገኑ ይረሳል።

የ2015ቱ ሽንፈት ምክንያቱ ግልጽ ነው። ድምፅ መስጫው ላይ ከስኩል ቦርድ እጩ ስም አጠገብ ፓርቲ አይጻፍም። በሕጉ ገለልተኛ ምርጫ ነው። በተግባር ግን ከምርጫ ጣቢያው በር 40 ጫማ ርቀው የፓርቲ ሰዎች ቆመው ፓርቲያቸው የሚደግፋቸው እጩዎች ስም ያለበት ናሙና ወረቀት ያድላሉ፤ መራጩም ያንን እያየ ያጠቁራል። ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ዓመታት ኖቬምበር ላይ የሚመጣው መራጭ ጥቂት ስለሆነ ያቺ ወረቀት ትወስናለች። እኔ ያኔ ከማንም ሳልጠጋ ልወዳደር ብዬ ነበር፤ ስሜ በማንም ወረቀት ላይ አልነበረም። በ2019 የፓርቲ ድጋፍ ጠየቅኩ፣ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ አይደለም፤ አሠራሩን አሁንም አልወደውም። የፌደራል መንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ደግሞ በፓርቲ ፖለቲካ መሳተፋችሁን የሚገድብ ሃች አክት የሚባል ሕግ አለ። የፓርቲ ድጋፍ ከመጠየቃችሁ በፊት የመሥሪያ ቤታችሁን የሕግ ሰው አናግሩ።

“ስኩል ቦርድ ምን ያደርጋል?” ለሚሉኝ ስለ ጎረቤታችን አርሊንግተን እነግራቸው ነበር። አርሊንግተን በ1947 በቨርጂኒያ የመጀመሪያውን የተመረጠ ስኩል ቦርድ አቋቋመ። ቦርዱ በ1956 ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ቀስ በቀስ አብሮ ለማስተማር ሲያቅድ ግዛቱ የአርሊንግተንን ቦርድ የመምረጥ መብት ነጠቀ። እንዲያም ሆኖ በፌብሩዋሪ 1959 አራት ጥቁር ተማሪዎች ስትራትፎርድ ትምህርት ቤት ገቡ። በመላው ቨርጂኒያ ስኩል ቦርድ በምርጫ እንዲሆን የፈቀደው ሕግ የመጣው ግን በ1992 ነው። ተራ ወንበር ቢሆን ማን እንዲህ ይታገልበት ነበር?

ከተመረጥኩ በኋላ ሰው ሁሉ “ታክስ ቀንሺልን” ይለኝ ጀመር። ቨርጂኒያ ውስጥ ስኩል ቦርድ ታክስ መጣል አይችልም። ገንዘቡ ከግዛቱና ከካውንቲው (ከአካባቢው አስተዳደር) ይመጣል፤ እኛ በየዓመቱ በጀት ይዘን እንለምናለን። ሌላው የከበደኝ የስብሰባ ሕጉ ነው። ሦስት የቦርድ አባላት አንድ ላይ ቁጭ ብለው ስለ ሥራ ካወሩ ያ ስብሰባ ነው፤ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። ቡና ጠርቶ ነገር ማለሳለስ ለለመደ አበሻ ይሄ ትልቅ ቅጣት ነው። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ኮቪድ መጥቶ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ስለዚያ ጊዜ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ስለ ልጇ ልዩ ድጋፍ ስብሰባ ተጠርታ ሄደች። አስተርጓሚ አልነበረም። ያስተረጎመው ራሱ ልጁ ነው። “መምህሯ ብዙ አወሩ፤ እሱ ግን ‘ጎበዝ ነህ አሉኝ’ ብቻ አለኝ” ብላኛለች። የቦርድ አባል የአንድን ልጅ ጉዳይ ገብቶ አይወስንም። የትምህርት ቤቶቹን ዋና ኃላፊ፣ ሱፐርኢንተንደንቱን፣ ግን “ለአስተርጓሚ የተያዘው ገንዘብ ስንት ነው? የት ላይ ነው?” ብሎ በአደባባይ ይጠይቃል። ጠየቅኩ። በጀት በመጣ ቁጥር ጠየቅኩ። የፌደራል ገንዘብ የሚወስድ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለበት፤ ስለዚህ ውለታ እየጠየቅኩ አልነበረም።

ለምርጫው ቀን አንድ ነገር ያዙ። የፌደራሉ ሕግ በአማርኛ ድምፅ መስጫ እንዲታተም አያስገድድም። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚያቅተው መራጭ ግን የሚያግዘው ሰው ይዞ መግባት ይችላል፤ አሠሪው፣ የአሠሪው ወኪል ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል እንዳይሆን ብቻ። ብዙ እናቶች ይሄን ስላላወቁ ነው ቤት የሚቀሩት። ድምፅ መስጫው አሁን ከምርጫው ቀን 45 ቀን ቀድሞ ይከፈታል፤ ስለዚህ ልጆቻቸው እረፍት ባላቸው ቀን ይዘዋቸው ይሂዱ።

ፌርፋክስ፣ ላውደን ወይም ፕሪንስ ዊሊያም ለምትኖሩ ቀጣዩ ትልቅ ምርጫ በ2027 ነው። ፊርማ መሰብሰብ የሚቻለው ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው፤ ወረቀቱ ጁን 15 ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት መግባት አለበት። የሐበሻ ቀጠሮ የለም፤ በሩ ይዘጋል። የእኔን የስልክ ዝርዝር የሚፈልግ ካለ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ ቡና አለ።