በዘጌ ጫካ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት

ዛሬ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም የሄድሁት ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ሳይሆን፣ በመኪና በጣና ሐይቅ ዳር እስካለው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ደርሼ ከዚያ በጫካው ውስጥ በእግሬ ነው። በጀልባ የሚመጣ እንግዳ ከወደቡ በአጭር መንገድ ወጥቶ፣ ሥዕሉን አይቶ ይመለሳል፤ የጣናን ዳርቻ ታሪክ የሚወድ ሰው ግን አስቀድሞ ጫካውን ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ቡናና ጌሾ፣ ከላዩ ደግሞ ፀሐይ የማያሳልፉ ትልልቅ ዛፎች ናቸው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በዚህ ባሕረ ገብ መሬት እንዳይታረስና ከብት እንዳይረባ በግዝት ከልክለዋል ተብሎ ይታመናል፤ ሕዝቡም በግዝቱ ጸንቶ፣ ያለ በሬና ያለ ሞፈር፣ ቡናውንና ጌሾውን በደንገል ታንኳ ወደ ባሕር ዳር እያሻገረና እህል እየሸመተ ለዘመናት ኖሯል። የቀረው የጎጃም ምድር እስከ ገደል አፋፍ ሲታረስ ዘጌ በደን ተሸፍኖ የቆየው በዘበኛ ሳይሆን በቃል ነው። ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ለእኔ ግን የመጀመሪያው አዋጅ የአቡኑ ግዝት ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ሲሆን በቅጽሩ ውስጥ የተሰቀለው የድንጋይ ደወል ሲመታ እንደ ብረት ይጮኻል። የመቅደሱ ግድግዳ በጨርቅ ላይ ተሥለው በተለጠፉ ሥዕሎች ከላይ እስከ ታች ተሸፍኗል። ከሁሉ አጥብቆ የያዘኝ የበላዔ ሰብ ታሪክ ነው፤ ያ ሰው በላ ለተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጠ፣ ነፍሱ በሚዛን ስትመዘንም ያች ጥርኝ ውሃ አዳነችው። የምሕረት ቃል ኪዳን በሚዘከርበት ደብር ከዚህ የሚሻል ታሪክ አይገኝም፤ ፊቱ ቆሜ ብዙ ቆየሁ።

ስመለስ መንገድ ላይ ያገኘኋቸውን አንድ አዛውንት፣ «አባቴ፣ ወጣቱ ግዝቱን ይጠብቃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የሚጠብቅ አለ፣ ልጄ። የቸገረው ግን ዛፉን ቆርጦ ለማገዶ ይሸጣል፤ ቡናው አላኖር ሲለው ምን ያድርግ?» አሉኝ።

ይህ መልስ እስካሁን ያሳስበኛል። ወደ ዘጌ የሚሄድ ሁሉ የመግቢያውን ከፍሎ ብቻ እንዳይመለስ እለምናለሁ፤ በመንገዱ ዳር ከሚሸጡት እናቶች የጫካውን ቡና ሳይከራከር ይግዛ፤ ቡናው ዋጋ ካገኘ ዛፉን ለመጥረቢያ የሚሰጥ አይኖርም።